አንድ ሰው ለብቻው የሠራውን የተኩስ ጌም ሲገመግሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚማር ልጅ ለብቻው የሠራውን የተኩስ ጌም ስልካችሁ ላይ ጭኖ «እስኪ ሪቪው ጻፉልኝ» አላችሁ እንበል። ብዙ ሰው ወዲያው ግራፊክሱን ከታዋቂው የተኩስ ጌም ከኮል ኦፍ ዱቲ ጋር ያወዳድራል። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ያኛው የብዙ ባለሙያዎች ሥራ ነው፤ ይሄኛው የአንድ ልጅ። መጠየቅ ያለበት ልጁ ያሰበውን በደንብ ሠርቶታል ወይ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ቶሎ መፍረድ ነው። በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሠራው ስፔስ ኢንቬደርስ የሚባል የተኩስ ጌም ላይ ጠላቶቹ ባለቁ ቁጥር የቀሩት ይፈጥናሉ። ምክንያቱ የማሽኑ አቅም ነበር፤ የሚስለው ሲያንስለት ይፈጥናል። ኒሺካዶም እንዳለ ተወው። የጌሙ ጭንቀት ያለው እዚያ ነው፣ መጨረሻው ላይ። አንድ ዙር እንኳን ሳይጨርስ የተወ ሰው ምን ብሎ ይጽፋል?

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ «ከባድ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ከባድ መሆንና ፍትሐዊ አለመሆን ይለያያሉ። በሞታችሁ ቁጥር ምን እንደገደላችሁ ፈልጉ። ጥይቱ ይታይ ነበር? ወይስ ፍንዳታው ሸፈነው? ጥይት በሚዘንብባቸው ጌሞች ተጫዋቹ የሚነዳት መርከብ የምትመታበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከምስሏ ያነሰ ነው። ለጥቂት ያመለጠ ተጫዋች ደስ የሚለው ለዚህ ነው። ጀማሪ ጌም ሠሪ ግን የምስሉን አራት ማዕዘን እንዳለ የምትመታበት ቦታ ሊያደርገው ይችላል። ያኔ ጥይቱ ባዶውን ጥግ ነክቶ ይገድላችኋል፤ ተጫዋቹም «አልነካኝም እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው። ይሄን ለይታችሁ ከጻፋችሁለት ልጁ ሊያስተካክለው ይችላል። «ከባድ ነው» ካላችሁት ግን ጠላት ይቀንሳል፣ ችግሩ እዚያው ይቀራል።

ባጃጅ ውስጥ ድምፁን ዘግቶ ተጫውቶ ስለ ድምፁ መጻፍም አለ። ኢርፎን አድርጉ። ስልካችሁ ምን ዓይነት እንደሆነም ጻፉ፤ በውድ ስልክ የማይንቀራፈፍ ጌም በርካሹ ሊንቀራፈፍ ይችላል። ጣታችሁ መርከቧን ከሸፈናት ደግሞ እሱንም አትለፉት።

የመጨረሻው ይሉኝታ ነው። የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ «ጎበዝ፣ በርታ» ብለን እንዘጋዋለን። ልጁ ይህን ከእናቱም ይሰማል። ከእናንተ የሚፈልገው «ሦስተኛው ሌቭል ላይ ቀዩ ጥይት ከቀዩ ሰማይ ጋር ተመሳስሎ አይታይም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው።