በቆላ ዶሮ ሲሞት፦ መጀመሪያ እጃችሁን መጠጫው ውስጥ ክተቱ

ድሬዳዋ ጓሮዬ ውስጥ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጎረቤትም የጎረቤት ዘመድም ሲቸግረው ይጠራኛል፤ ሄጄ አያለሁ። ስለ ክትባት፣ ስለ መኖ ዓይነት፣ ሸለምጥማጥ ስለማያስገባ አጥር መሠረታዊውን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ። የምጽፈው ለቆላ ነው፤ ለድሬ፣ ለአዋሽ፣ ለሎግያ፣ ለጎዴ።

ምልክት፦ ጠዋት ስትጭር የነበረች ዶሮ ከሰዓት ሞታ ተገኘች

ግንቦትና ሰኔ ላይ ስልኬ ከ9 ሰዓት በኋላ ይጮሃል። ወሬው ሁሌም አንድ ነው። «ጠዋት ደህና ነበረች፤ አሁን ሞታ አገኘኋት።» ቀጥሎ «ፈንግል ገባብኝ» ይመጣል። እኔ ጋ ከመደወላቸው በፊት ደግሞ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ተገዝቶ ውሃው ውስጥ ተበጥብጧል።

እባካችሁ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ። ፈንግል ሰዓት አይመርጥም። ሌሊትም ጠዋትም ይገድላል። አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ አንገት ያጣምማል፣ ጫጩት አሮጊት ሳይል ያጠቃል። ሙቀት ግን ሰዓት አለው። ከ7 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚገድለው። የሚጀምረውም ከወፍራሞቹ ነው። ከውጭ ከመጡት ዝርያዎች ከባዷ ቦቫንስ፣ ትልቋ ሳሶ፣ በየቀኑ የምትጥልላችሁ ምርጧ ዶሮ ቀድማ ትወድቃለች። ቀጫጫዋ የሀበሻ ዶሮ፣ በተለይ አንገቷ ላባ የሌላት መላጣዋ፣ አጠገቧ ቆማ ትጭራለች። የሞተችውን ስታገኟት በደረቷ ተኝታ፣ ክንፏን ዘርግታ፣ መንቁሯን ከፍታ ነው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። «ውሃማ አለ» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አለ። ግን ሞቋል።

ዶሮ አያልባትም። ጤነኛ ሆና እንኳ የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ እንዳይሄድባት ታለከልካለች፤ በትንፋሿ ውሃ እያተነነች ራሷን ታቀዘቅዛለች። የወጣው ውሃ መተካት አለበት። በደህና አየር በቀን 200 ወይም 250 ሚሊ ሊትር የምትጠጣ ጣይ ዶሮ፣ በሙቀት ቀን እጥፉን ትፈልጋለች። ውሃው ከሞቀ ግን ቀመስ አድርጋ ትተወዋለች። ውሃ አጠገቧ እያለ በውሃ ጥም ትሞታለች።

አንድ ሰኔ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ወደ አንዲት እናት ቤት ተጠራሁ። 25 ቦቫንስ ነበሯቸው። በሦስት ቀን 7 ሞተዋል፤ ሁሉም ከሰዓት። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መኖው ጥሩ ነው፣ ክትባቱ ተሰጥቷል። «እትዬ፣ ውሃስ?» አልኳቸው። «አቦ ውሃማ ሞልቶ! ጠዋት የሞላሁት አሁንም እንዳለ ነው፣ እየው!» አሉኝ። ችግሩ እሱ ነበር። 18 ዶሮ ባለበት ቤት፣ በዚያ ሙቀት፣ ጠዋት የተሞላ መጠጫ 9 ሰዓት ላይ ካልጎደለ ማንም አልጠጣም ማለት ነው። እጄን ከተትኩ። እግር ለመታጠብ የሚሆን ውሃ ነው።

ከዚያ ውሃውን ወደ ኋላ ተከተልኩት። የሚመጣው ጣሪያ ላይ ከተቀመጠ ጥቁር ሮቶ ነው። ከሮቶው የሚወርደው ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ መሬት ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። መጠጫው ያለበት ጥግ ጠዋት ጥላ ነው፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ታገኘዋለች። እትዬ ጠዋት ብቻ ስለሚያዩት ጥላ ይመስላቸዋል። ቤት ውስጥ ከነበረው እንስራ ቀድተን በሰፊ የሸክላ ሳህን አቀረብንላቸው። እንዴት እንደተራኮቱ! አንዷ ጭንቅላቷን እስከ ዓይኗ ነክራ ቀና አለች፤ ውሃው በአንገቷ ላባ ሲወርድ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ ወዲያ እስከ ክረምቱ መጨረሻ በሙቀት የሞተችባቸው የለችም።

መፍትሔው ብር አይጠይቅም። ሰዓት መጠበቅን ይጠይቃል።

ማታ ውሃ በእንስራ ቅዱና ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ሸክላው እያላበ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፤ የእኛ ደረቅ አየር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ቀለም የተቀባ ወይም በዘይት የተሟሸ ሸክላ ግን አያልብም፣ አይጠቅማችሁም። እንስራ ከሌላችሁ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሉት። ጆንያው ሲደርቅ መልሳችሁ አርጥቡት። ፍሪጅ ያላችሁ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ማታ በረዶ አድርጉና ቀን መጠጫው ውስጥ ጣሉት።

5 ሰዓት ላይ የቆመውን ውሃ ድፉና በቀዝቃዛ ቀይሩ። 8 ሰዓት ላይ እንደገና። 8 ሰዓት ላይ ሰዉ ሁሉ ጥላ ይዞ የተጋደመበት ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጫቱም ያኔ ነው። ዶሮዎቹ የሚሞቱትም ያኔ ነው። ተነሡ። ከቧንቧ የምትቀዱ ከሆነ መጀመሪያ የሚመጣው የፈላ ውሃ እስኪያልቅ አፍስሱት፤ በባልዲ ተቀብላችሁ ለልብስ ይሁንላችሁ።

የመጠጫውን ቦታ የምትመርጡት ጠዋት ሳይሆን 9 ሰዓት ላይ ቆማችሁ ነው። ያኔም ጥላ የሆነ ቦታ እሱ ትክክለኛው ነው። መጠጫው ደግሞ ሁለት ይሁን። አንድ ብቻ ከሆነ ጉልበተኛዋ ሌሎቹን ትከለክላለች፤ ደካማዎቹ ሳይጠጡ ይውላሉ።

ስለ መጠጫው ዕቃ ዝም ብዬ አላልፍም። ገበያውን የሞላው ስስ የፕላስቲክ መጠጫ በአንድ ቆላ በጋ ፀሐይ ይሰነጣጠቃል። ጥርሱ ይላቃል፣ ውሃው ሌሊቱን ይፈስና ጠዋት ባዶ ታገኙታላችሁ፤ ጉዝጓዙም ረጥቦ ይሸታል። እንዲህ ያለ ዕቃ ለቆላ ሰው መሸጥ ያሳዝነኛል። ወፍራሙን ግዙ። አለበለዚያ ሰፊ የሸክላ ሳህን ይበልጣል፤ ብቻ እንዳይደፋ መሀሉ ላይ ድንጋይ አድርጉበት። ዶሮ ጭንቅላቷ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ውሃ ስታስነካው ሙቀቷ ይወርድላታል። ጠብታ የሚሰጡት ቀጭን መጠጫዎች ይህንን አይሰጧትም፤ ቧንቧቸውም ቶሎ ይሞቃል።

የወደቀች፣ ግን ያልሞተች ካገኛችሁ፦ ወደ ጥላ አንሷት። እግሯንና የሆዷን ሥር ለብ ባለ ወይም መጠነኛ ቅዝቃዜ ባለው ውሃ ንከሩ፤ ጭንቅላቷ ከውሃው ውጪ ይሁን። አራግቡላት። በረዶ ውሃ ውስጥ አትንከሯት። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ነክሬ እጄ ላይ ሞታብኛለች፤ ዛሬም ያቺን ዶሮ አልረሳትም። ውሃ በግድ ጉሮሮዋ ውስጥ አታፍስሱ፣ ሳንባዋ ይገባል። ራሷ ቀና ማለት ስትችል የመንቁሯን ጫፍ ብቻ ውሃ አስነኳት። የሞተችውን አትብሉ፣ ለውሻም አትስጡ። በክት ናት። ቅበሯት።

ምልክት፦ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ያም ሆኖ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ

8 ሰዓት ላይ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ገብታችሁ ቁጢጥ በሉ። እጃችሁን ወደ ቆርቆሮው ዘርጉ። ከምጣድ ሥር የተቀመጣችሁ ከመሰላችሁ መልሱን አግኝታችኋል። እናንተ 5 ደቂቃ ያቃታችሁን እሷ ቀኑን ሙሉ ትችላለች ብላችሁ አትጠብቁ።

ጣሪያውን ከፍ አድርጉ፤ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ይሁን። ከቆርቆሮው ሥር ሰሌን ወይም ሣር ግጠሙ፤ መሀላቸው አንድ ስንዝር አየር ይኑር። ላዩን በኖራ ነጭ ቀቡት። ግድግዳው ከጉልበት በላይ የሽቦ መረብ ይሁን። አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር፤ ፀሐይ መውጫና መጥለቂያን የሚያየው አጭሩ ጎን ይሁን። መረቡን በሸራ የምትሸፍኑ ሰዎች፣ እባካችሁ ቢያንስ ቀን ቀን ግለጡት።

ሎግያ አንድ ወዳጄ ዶሮዎቹን አንድ መስኮት ባለው የብሎኬት ክፍል ውስጥ አስገብቶ ማራገቢያ ሌት ተቀን ይነዳ ነበር። እዚያ ሙቀቱ ከ40 ያልፋል። አየር መግቢያና መውጫ የለም፤ ማራገቢያው ያንኑ የሞቀ አየር ያዞረዋል። አንድ ቀን መብራት ጠፋ። እሱ ከሥራ እስኪመለስ ግማሹ አለቀ። ከሁለቱም ጎን ብሎኬት አውጥተን መረብ አደረግንበት። ማራገቢያው አሁን ለቤተሰቡ ነው።

አታጭቋቸው፤ በካሬ ሜትር ከ4 አይበልጡ። ጉዝጓዙን በሙቀት ወራት አሳንሱት፤ ወፍራም ጉዝጓዝ ራሱ ይሞቃል። እኔ ከኒም ዛፍ ሥር የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አፍስሼ በቀን ሁለቴ አርጠብዋለሁ። ሆዳቸውን ቀብረው ይተኙበታል። ቤት ውስጥ ግን አታርጥቡ። እርጥብ ጉዝጓዝና ሙቀት ሲገናኙ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይመጣል፤ ደም የቀላቀለ ኩስ ታያላችሁ።

ምልክት፦ እንቁላል ቀነሰ፣ ቅርፊቱም ሳሳ

መኖ ስትፈጭ ሰውነቷ ሙቀት ያመነጫል፤ ከበላች ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይበረታል። 4 ሰዓት ላይ ጠግባ የበላች ዶሮ ይህ ሙቀት ከፀሐዩ ጋር አንድ ላይ ይደርስባታል። ስለዚህ 11 ሰዓት ሌሊት ላይ አብሏት፤ 4 ሰዓት ከመሆኑ በፊት መመገቢያውን አንሱ፤ 11 ሰዓት ማታ መልሱ። ቀኑን በመብላት ፈንታ ቁጭ ብላ ትለፈው። ቅርፊቱ የሚሳሳው ሌላም ምክንያት አለው፦ ብዙ ስታለከልክ ደሟ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ቅርፊት የምትሠራበት ነገር ያጥራታል። የኖራ ድንጋይ ጠጠር ለብቻው በሳህን አኑሩላት፤ የሚበቃትን ራሷ ታውቃለች። በሙቀት ወራት ፉርሽካ ብቻ አትስጡ። ድሮም የምትበላው ትንሽ ነው፤ ትንሹ ደህና ነገር ይሁን።

እንቁላሉ ሲሰበር ውስጡ የደም ክር ካለው አውራ ዶሮውን ለዩ። በእኛ ሙቀት እርጉዝ እንቁላል ያለ እናቱም ማደግ ይጀምራል። በቀን ሦስቴ ልቀሙ።

ምልክት፦ ጠዋት ጠዋት ይደክማሉ፣ ቀዩ ሥጋቸው ነጥቷል፣ እግራቸው አልታዘዝ ይላል

ሌሊት ባትሪ ይዛችሁ ግቡ። ቆጡን ገልብጡ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ እዩ። ጠፍጣፋ መዥገር ታገኛላችሁ። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ሌሊት ወጥቶ ደም ይጠጣል፤ ለዚህ ነው ቀን ዶሮዋን ብትፈትሹ የማታዩት። ሳይበላ ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ቤቱን ለሁለት ወር ባዶ መተው አይገድለውም። የተሰነጠቀውን ቆጥ አቃጥሉ። ግድግዳውን ለስኑ። የፈላ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ አፍስሱ። የአዲሱን ቆጥ እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ፣ ከግድግዳም አርቁት። የሰብል ፀረ ተባይ ዶሮ ላይ አትርጩ! ዶሮውም ያልቃል፣ እንቁላሉን የሚበላው ልጃችሁም ይጎዳል። የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

ምልክት፦ ተከትበው ፈንግል ያዛቸው

ክትባቱ መንገድ ላይ ሞቆ ሞቶ ሊሆን ይችላል። በበረዶ ሣጥን ያልመጣ ብልቃጥ አትቀበሉ። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ ጎህ ሲቀድ ስጡና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት።

አንድ እግሯን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ የተኛች ካለች ማሬክስ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት የለውም፣ ለዩአት።

ምልክት፦ አዲስ ቄቦች በመጡ በማግስቱ ያልቃሉ

ከቢሾፍቱ ወይም ከአዳማ በቀን ተጭነው፣ ካርቶን ውስጥ ተጣብቀው መጥተዋል። በግንቦትና በሰኔ አታስመጡ። የግድ ከሆነ ሌሊት ይጓዙ፤ ካርቶኑ በአራቱም ጎን የተበሳ ይሁን። ሲደርሱ መኖ አታቅርቡ። መጀመሪያ የእንስራ ውሃ ነው። አንድ በአንድ እያነሣችሁ መንቁራቸውን ንከሩላቸው፤ የዋጠችውን ልቀቁ፣ ያልዋጠችውን ድገሙላት። መኖው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደርሳል።