የተሸረፈ ቢላ እቤት ውስጥ ሲሳል

ቢላ ሲሸረፍ ብዙ ሰው የተሸረፈውን ቦታ ብቻ ነጥሎ ይሞርዳል። እንዲህ ከተደረገ እዚያ ጋ ስለቱ ይጎደጉድና መክተፊያውን አይነካም፤ ሽንኩርቱ ተቆርጦ ሳያልቅ ተያይዞ ይቀራል። መውረድ ያለበት ስለቱ በሙሉ ነው።

ቁጥር 220 የሆነ ሻካራ መሳያ ድንጋይ ውሃ አጠጡ፤ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ቢላውን 45 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጋችሁ፣ ሁለቱን ጎን እያፈራረቃችሁ ከእጀታው እስከ ጫፉ በእኩል ግፊት ፈግፍጉት። የተሸረፈው ሲጠፋ ስለቱ ይደንዛል፤ ብርሃን ላይ ሲያዩት ነጭ መስመር ያብረቀርቃል። አትደንግጡ፣ መሆን ያለበት ይኸው ነው።

አሁን ወደ 15–20 ዲግሪ ዝቅ አድርጉና መስመሩ እስኪጠፋ ሳሉ። ከምትስሉት በተቃራኒው ጎን ጣት ላይ የሚሻክር ቀጭን የብረት ትርፍ በስለቱ ርዝመት ሁሉ ሲወጣ ቢላውን ገልብጡና ሌላውንም ጎን እንዲሁ ሳሉ (ስትዳስሱ ጣታችሁን ከቢላው ጀርባ ወደ ስለቱ ውጭ ብቻ አንሸራቱ)። በመጨረሻ በቁጥር 1000 ለስላሳ ድንጋይ ግፊቱን እየቀነሳችሁ ትርፉን አንሱት።

ለመቸኮል ብላችሁ በኤሌክትሪክ መሞረጃ አትነካኩት። ጠርዙ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ቢሳልም ቶሎ ይደንዛል።