ሁሌ ድካም ድካም ለሚላችሁ ጅማዎች፦ ደም ማነስ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ፣ ምንስ ታደርጋላችሁ

ደም ማነስ ሲባል ብዙ ሰው የእርጉዝና የሕፃን ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ በ2016 በተሰራው አገር አቀፍ የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ወንዶች ደሞ 15 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው፣ በ2011 የሴቶቹ 17 በመቶ ነበር፣ ማለት ጨምሯል። ስለዚህ ድካሙን ስራ በዛብኝ ብላችሁ አትለፉት።

መጀመሪያ ራሳችሁን እዩ። ዳገት ስትወጡ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ፣ ስትነሱ ካዞራችሁ፣ ልባችሁ ድው ድው ካለ፣ ወይ አፈር ብሉ ብሉ ካላችሁ (ይሄ አያሳፍርም፣ አይረን የሚባለው ደም የሚሰራበት የብረት ማዕድን እጥረት ያመጣዋል) በቀን ብርሃን መስታወት ፊት ቁሙና የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አርጉት፣ ውስጡ ቀላ ማለት ሲገባው ነጣ ካለ ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቀይ ቢሆንም ምልክቱ ካለ ሂዱ፣ ቁርጡን የሚናገረው ምርመራ ነው።

እዛ ሄሞግሎቢን (ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ ኦክስጅን ተሸካሚ) ወይ ሲቢሲ (ሙሉ የደም ሴል ቆጠራ) እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ፣ ውጤቱ ሲመጣ ደሞ "ትንሽ ዝቅ ብሏል" ብቻ ተብላችሁ አትመለሱ፣ የሄሞግሎቢኑን ቁጥር ጠይቁ። ሴት ከ12፣ እርጉዝ ከ11፣ ወንድ ከ13 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች ወሰኑ እዚህ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ለጥቂት ያለፋችሁ ሰዎች ይሄን ለሐኪሙ አንሱለት።

ከዛ ዋናው ጥያቄ ለምን አነሰ ነው፣ እኔ በጣም የሚያሳስበኝ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ ሽሮፕ ገዝቶ መመለሱ ነው። የወር አበባ ሲበዛ፣ ቶሎ ቶሎ ሲወለድ ደም ያልቃል። በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ያላችሁ ወባን አትርሱ፣ ወባ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። በባዶ እግር እርጥብ አፈር ላይ የሚሰራ ሰው ደሞ ሁክዎርም የሚባለው ትል በእግሩ ቆዳ ገብቶ አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ደም ይመጠዋል፣ ስለዚህ የሰገራ ምርመራም ይጨመር፣ ጫማም ይደረግ። ወንድ ከሆናችሁ ወይ የወር አበባ የቆመላችሁ እናቶች ከሆናችሁ ደም ማነሱ ከጨጓራ ወይ ከአንጀት መድማት ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች የምታዘወትሩ ይሄን ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ።

አሁን ወደ ቡናችን። የጅማን ሰው ቡና ተው የሚል የለም፣ እኔም አልልም፣ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ምሳ ተበልቶ ትሪው ሳይነሳ ጀበናው ከች ይላል፣ አቦሉ ሲቀዳ የበላችሁት ምስርና ጎመን ገና ሆድ ውስጥ ነው፣ ቡናው ደሞ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፣ ሻይ እንዲያውም ይብሳል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ጠጡ ወይ ከበላችሁ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆዩ። በቡናው ቦታ ብርቱካን፣ ማንጎ ወይ ዘይቱን ብትበሉ የምስሩ አይረን በደንብ ይገባል፣ ጎመኑ ላይም ሎሚ ጨመቅ አርጉበት። ሥጋ ለሚችል ሥጋ ይበልጣል። ቀይ ስር ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል የሚባለው ግን አይደለም፣ አይረኑ ትንሽ ነው። ጫት የምትቅሙም ምግብ እንደሚዘጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ በደንብ ሳትበሉ አትቀመጡ።

የአይረን ኪኒን ከታዘዘላችሁ በውሃ ዋጡት፣ በወተት፣ በሻይ ወይ ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አይሆንም። ሰገራ ይጠቁራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ ካስቸገራችሁ ከምግብ ጋር አርጉት እንጂ አታቁሙ። ከአንድ ወር በኋላ ድጋሚ ተመርመሩ፣ ቁጥሩ ከፍ ማለት አለበት። ከተስተካከለም በኋላ ሦስት ወር ያህል ይቀጠላል ምክንያቱም ሰውነት ያለቀበትን ክምችት መሙላት አለበት፣ ኪኒኑን በትክክል ወስዳችሁ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ደሙ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ተመልሳችሁ ምክንያቱ ይፈለግልኝ በሉ።