ብትን ጨርቅ ከመግዛትዎ በፊት፦ በቤት ስፌት ገንዘብ የሚያባክኑ ስህተቶች

ለገጣፎ ከሚገኘው ቤቴ አንዱን ክፍል ለስፌት ከለየሁት ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ልብስና መጋረጃ ከመስፋት ጎን ለጎን፣ የስፌት መኪና ገዝተው ሥራውን መጀመር ለሚፈልጉ የሰፈሬ ሰዎች የማውቀውን ሳሳይ ቆይቻለሁ። መኪናውን መርገጥና ቀጥ አድርጎ መስፋት በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል፤ የተጣመመ ስፌትም ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ጨርቁ ገና በመቀስ ሳይነካ በስሌት ጉድለት የሚባክነው ገንዘብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት አስቤዛ ተቀንሶ የተጠራቀመ ነውና።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የጨርቁን ወርድ ሳይጠይቁ የአንዱን ሜትር ዋጋ ብቻ ሰምቶ መግዛት ነው። አንዲት ጎረቤቴ እህቷ ለተመሳሳይ መስኮት 4 ሜትር እንደበቃት ሰምታ፣ እርሷም መርካቶ ወርዳ 4 ሜትር የመጋረጃ ጨርቅ ገዝታ መጣች። መስኮቷ 180 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ መጋረጃው ከዘንጉ እስከ ወለሉ 220 ሴንቲ መውረድ ይኖርበታል። ለላይኛው እጥፋት 10፣ ለታችኛው 15 ሴንቲ ስንጨምርበት እያንዳንዱ ቁራጭ 245 ሴንቲ መሆን ነበረበት። ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግተን ስንለካው ከ4 ሜትሩ የወጣው አንድ ቁራጭ ብቻ ሲሆን፣ ለምንም የማይሆን 155 ሴንቲ ተረፈ። የእህቷ ጨርቅ ወርዱ 280 ሴንቲ ነበር፤ የእርሷ ግን 150 ነው። ተጨማሪ ልትገዛ በማግስቱ ስትመለስ ያው ጣቃ አልቆ ነበር፤ ከሌላ ጣቃ የቆረጡላት ሱቁ ውስጥ አንድ ዓይነት ቢመስልም መስኮት ላይ ሲሰቀል ቀለሙ እንደሚለይ ግልጽ ሆኖ ታየ።

ስሌቱ አስቸጋሪ ስላልሆነ እዚሁ ልሥራው። መጋረጃ ሽንሽኑ እንዲያምር ከመስኮቱ ስፋት ቢያንስ እጥፍ ጨርቅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለ180 ሴንቲ መስኮት 360 ሴንቲ ያስፈልጋል። ወርዱ 150 በሆነ ጨርቅ 360 ለ150 ሲካፈል 2.4 ስለሚሆን፣ ቁራጭ በጎዶሎ አይገዛምና 3 ቁራጭ እንላለን፤ 3 ጊዜ 245 ሴንቲ፣ 7 ሜትር ከ35 ይሆናል። ወርዱ 280 የሆነውን ግን አግድም አዙረን ወርዱን ቁመት እናደርገዋለን፤ 245ቱ 280 ውስጥ ስለሚገባ የሚገዛው 360 ሴንቲና ለግራና ለቀኝ ጠርዞች 20 ሴንቲ፣ በጠቅላላው 3 ሜትር ከ80 ብቻ ነው። ለማስላት ያህል ጠባቡ በሜትር 300 ብር፣ ሰፊው 500 ብር ቢሆን፣ «ርካሹ» 2205 ብር ሲያስወጣ «ውዱ» በ1900 ብር ያልቃል፤ በዚያም ላይ መጋጠሚያ ስፌት አያስፈልገውም። ሻጩን በመጀመሪያ የምንጠይቀው «ሜትሩ ስንት ነው?» ሳይሆን «ወርዱ ስንት ነው?» መሆን አለበት፤ ሲነግረንም በራሳችን ሜትር ለክተን ማረጋገጥ ነውር የለበትም።

ለቀሚስም ያው ነው። ቁመቱ 120፣ እጅጌው 55 ሴንቲ የሆነ ሰፋ ያለ ቀሚስ ወርዱ 150 ከሆነ ጨርቅ 2 ሜትር ገደማ ሲበቃው፣ ወርዱ 115 ሲሆን የፊቱና የኋላው ቅድ ጎን ለጎን ስለማይገቡ ከ3 ሜትር በላይ ይወስዳል። በእጅ የሚሸመን ሸማ ደግሞ ከፋብሪካው ጨርቅ እጅግ የጠበበ ስለሆነ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ሰው ስሌቱን ከቤቱ ጨርሶ ይሂድ። ጥለቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ በመሆኑ እንደ ብትን ጨርቅ እየቆረጡ መቀጠል አይቻልም፤ ጎደለ ብሎ ቢመለሱም ያንኑ ጥለት በዚያው ቀለም ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው።

ትልልቅ አበባ ወይም ሐረግ ያለበትን ጨርቅ እንደ ሌጣ ጨርቅ ማስላትም የተለመደ ጥፋት ነው። ሥዕሉ በየ60 ሴንቲው የሚደገም ከሆነ አበባው ከአበባው እንዲገጥም ከሁለተኛው ጀምሮ እያንዳንዱ ቁራጭ ሥዕሉ ከሚጀምርበት መነሳት ስላለበት፣ 245 ሴንቲ የነበረው ቁራጭ 300 ይሆናል ማለት ነው። የመጨረሻው ብቻ በ245 ሊቆረጥ ስለሚችል፣ 7 ሜትር ከ35 የነበረው ወደ 8 ሜትር ከ45 ከፍ ይላል።

የሚቀጥለውን ስህተት የሠራሁት እኔው ራሴ ስለሆነ በዝርዝር እነግራችኋለሁ። ለአንዲት ደንበኛዬ የሶፋ ትራሶች 6 ልብስ ለመስፋት ከፋይ ገዝቼ ነበር። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ለማትረፍ ብዬ ሦስቱን ቁራጮች ራሳቸውን ወደ ላይ፣ ሦስቱን ደግሞ ገልብጬ ቆረጥኳቸው። ከፋይ ጠጉር ያለው ጨርቅ ነው፤ በመዳፍ ሲዳስሱት በአንድ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው በኩል ይሻክራል፣ ብርሃንም እንደ ጠጉሩ አቅጣጫ ይቀበላል። ሰፍቼ ጨርሼ ሶፋው ላይ ስደረድራቸው ሦስቱ ጠቆር፣ ሦስቱ ፈዘዝ ብለው ከሁለት የተለያዩ ጣቃዎች የተቆረጡ መሰሉ። ደንበኛዬ ምንም ሳትል ዝም ብላ አየቻቸው፤ ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ጨርቁን በራሴ ገንዘብ ተካሁ። ከዚያ ወዲህ ከፋይ ስገዛ ሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲቆረጥ አድርጌ አሰላለሁ፣ በጀርባው በኩልም በጠመኔ ቀስት ሳልሥል መቀስ አላነሳም።

ጥጥ ጨርቅን ሳያጥቡ መቁረጥ ሌላው ኪሳራ ነው። ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው አጠባ ከመቶ 3 እስከ 5 ሊኮማተር ይችላል፤ በእጅ የተሸመነው ከዚያም ሊብስ ይችላል። ከመቶ 5 ማለት ቁመቱ 120 ሴንቲ ከሆነው ቀሚስ 6 ሴንቲ ይጠፋል ማለት ነው። ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከጨርቁ ጥግ 20 በ20 ሴንቲ ቆርጦ ይጠበው፤ ሲደርቅ 19 ሆኖ ከተገኘ ከመቶ 5 ተኮማትሯል ማለት ነው። ስለዚህ 3 ሜትር የሚፈልግ ሥራ ቢያንስ 15 ሴንቲ ይጨመርበት፣ ገበሩም ጥጥ ከሆነ አብሮ ይታጠብ፤ አለዚያ ላዩ ደህና ሆኖ ገበሩ ሲያጥር ቀሚሱ ወደ ውስጥ ይሸበሸባል። በእኛ አካባቢ ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ የታጠበ ጨርቅ ለመድረቅ ቀናት እንደሚፈጅ አስቡበትና ቀጠሮ አታጥብቡ።

ጀማሪዎች በጀት ሲይዙ የጨርቁን ዋጋ ይጽፉና ያበቃሉ። ገበር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ላስቲክ፣ በካውያ የሚጣበቀው የአንገት ማጠንከሪያ፣ ክርና መርፌ ተደምረው ሲታዩ ትንሽ ገንዘብ አይደሉም። ከለገጣፎ በመገናኛ በኩል መርካቶ ደርሶ ለመመለስ የሚከፈለው የታክሲ ዋጋም ከዚያው ሥራ በጀት ውስጥ መግባት አለበት፤ የተረሳ አንድ ዚፕ ለመግዛት ብቻ ስንመለስ የታክሲው ሂሳብ ከዚፑ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ዕቃ ከሰፈር መግዛት በዋጋ ትንሽ ቢበልጥም ብዙ ጊዜ ያተርፋል፤ ጨርቁ ግን አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ጣቃ፣ ሳይጎድል ይገዛ።

ርካሽ ክር አትግዙ፤ በየመሃሉ እየተበጠሰ ጊዜና ጨርቅ ይበላል።

አዲስ ቅድ በውድ ጨርቅ ላይ መሞከር ድፍረት ሳይሆን ጥፋት ነው። አቡጀዴ የተባለው ተራ ጨርቅ የተፈጠረው ለዚህ እስኪመስለኝ ድረስ እወደዋለሁ። በ2 ሜትር አቡጀዴ የሙከራ ቀሚስ ተሰፍቶ፣ ትከሻው ጠብቦ ወይም ወገቡ ወደ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ታይቶ፣ ከተስተካከለ በኋላ ተፈትቶ እንደ ቅድ ያገለግላል። ሰዎች «ለአቡጀዴ የማወጣውን ለምን ዋናው ላይ አልጨምረውም?» ይሉኛል። የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ሳቲን ላይ በስህተት የተቆረጠ አንገት አይመለስም።

ዋጋን በተመለከተ ደግሞ ከወራት በፊት ማስታወሻ ላይ በሰፈረ ዋጋ በጀት መያዝ ዛሬ አያዋጣም። በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ጨርቅ፣ ዚፕና ክር ዋጋው ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ስለዚህ ከግዢው ሳምንት በፊት ደውሎ ወይም ሄዶ መጠየቅ፣ ከዚያም ላይ ጥቂት መጠባበቂያ መያዝ ያስፈልጋል። በበዓል ዋዜማ አትግዙ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ስለሚባል የጥምቀት ሰሞን ሁሉም ሽሮ ሜዳ ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ የሚገዛ ሰው ምርጫውም ጠቦ፣ ዋጋውም ንሮ ያገኘዋል። ኅዳር ላይ የገዛ ግን ተረጋግቶ ይለካል፣ ሸማውንም ብርሃን ላይ አውጥቶ ያየዋል።

የልጆች ዩኒፎርም ሲሰፋ ጨርቅ መቆጠብም አላስፈላጊ ቁጠባ ነው። ለቀሚሱ ወይም ለሱሪው እግር ከ5 እስከ 6 ሴንቲ እጥፋት ለመተው የሚጨመረው ጨርቅ ጥቂት ነው፤ ያ እጥፋት ግን በሚቀጥለው መስከረም ልጁ ሲያድግ ይፈታና አዲስ ዩኒፎርም ያስቀራል። እጥፋቱን ስትሰፉት ስፌቱን ላላ አድርጉት፣ በቀላሉ ይፈታላችኋል። ሲፈታ የቀድሞው መስመር ጎልቶ ቢታይ፣ በውሃ የቀጠነ አቼቶ የነካ ንጹሕ ጨርቅ ላዩ ላይ አድርጋችሁ በካውያ ተኩሱት፤ አስቀድማችሁ ግን ቀለሙን እንደማይለቅ በማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት።