የወረርሽኙ ምንጭ አልገኝ ሲል፦ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ምርመራ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በምግብ የመጣ ወረርሽኝ ሲነሳ ላቦራቶሪው የታማሚዎቹንና የተጠረጠረውን ምግብ ባክቴሪያ በዲኤንኤ ያነጻጽራል። ከገጠመ ፍለጋው አቅጣጫ ያገኛል። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚያዘው ግን እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

ችግር፦ ምግቡ ላይ ባክቴሪያ ተገኘ፣ ከታማሚዎቹ ጋር ግን አይገጥምም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተጠረጠረው ምግብ የወረርሽኙ ምንጭ አለመሆኑ ነው። በ2011 ጀርመን ውስጥ ኢ. ኮላይ ኦ104፡ኤች4 የተባለ የባክቴሪያ ዓይነት ከ3,800 በላይ ሰዎችን አሞ ከ50 በላይ ገደለ። ጣት መጀመሪያ የተቀሰረው በስፔን ኪያር ላይ ነበር። ኪያሩ ላይ በእርግጥ ኢ. ኮላይ ተገኝቷል፤ ዓይነቱ ሲጣራ ግን ሌላ ሆነ። እስከዚያው የስፔን ገበሬ ምርቱን ጥሏል። ይሄ በጣም ያሳዝናል፤ ቀድሞ መጣራት ይችል ነበር።

መፍትሄው ዓይነቱ ሳይለይ የምግቡን ስም አለመጥራት፣ ካልገጠመ ደግሞ ወደ ታማሚዎቹ መመለስ ነው። ጀርመኖቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ምግብ ቤት በቡድን ሆነው የበሉ ሰዎች ምን እንዳዘዙ፣ ወጥ ቤቱ ሳህኑ ላይ ምን እንደጨመረ አንድ በአንድ ጠየቁ። ቡቃያ (ለምግብ የበቀለ ዘር) መብላቱን ያስታወሰው ጥቂት ሰው ነበር፤ የወጥ ቤቱ አሠራር ግን ገለጠው። ዱካው ከግብፅ በመጣ የአብሽ ዘር ላይ ቆመ። ፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ የታመሙትንም የያዛቸው ያው ዓይነት ባክቴሪያ፣ የበሉት ቡቃያም ከያው ዘር የበቀለ ሆኖ ተገኘ። ዘሩ ላይ ግን ባክቴሪያው ራሱ አልተገኘም። ስለዚህ «ናሙናው ነጻ ነው» ማለት ምግቡ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ችግር፦ ታማሚዎቹ እርስ በርስ ይገጥማሉ፣ ምግቡ ግን አይታወቅም

ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ምልክቱ እስኪታይ እስከ 70 ቀን ሊወስድ ይችላል። ከሁለት ወር በፊት የበላውን ማን ያስታውሳል? በደቡብ አፍሪካ በ2017 እና 2018 ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ ሞቱ። አብዛኞቹ የያዛቸው ኤስቲ6 የተባለው የሊስቴሪያ ዓይነት ነበር፤ ምግቡ ግን ለወራት አልታወቀም። የሶዌቶ መዋዕለ ሕጻናት ልጆች ሲታመሙ ፍሪጃቸው ተፈተሸ። ፖሎኒ የሚሉት የተዘጋጀ ሥጋ ላይ ሊስቴሪያ ተገኘ። ዱካው ፖሎክዋኔ ወዳለ ፋብሪካ መራ፤ እዚያ የተገኘው ባክቴሪያ ጂኖሙ (ሙሉ ዲኤንኤው) ሲነበብ ከታማሚዎቹ ጋር ገጠመ።

መፍትሄ፦ የዲኤንኤውን ውጤት ሳትጠብቁ ታማሚውን በገባበት ቀን ጠይቁ። ፍሪጁንም ክፈቱ።

ችግር፦ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገጥማል

ዲኤንኤን በኢንዛይም ቆራርጦ ጄል (ዝልግልግ ንጣፍ) ላይ በመስመር የሚደረድረው የቆየ ዘዴ እንደ ሳልሞኔላ ኢንተሪቲዲስ ያሉትን ባክቴሪያዎች እርስ በርስ በደንብ አይለይም፤ በጣም ይመሳሰላሉ። ሙሉ ጂኖም ማንበብ ይለያቸዋል። በ1996 የተቋቋመው የአሜሪካው የላቦራቶሪዎች መረብ ፐልስኔት በ2019 ወደዚሁ ዞሯል። አቅሙ ከሌላችሁ ግን የጄሉን ውጤት ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ።

ችግር፦ ጄሉ ላይ መስመር የለም፣ የተዝረከረከ ጥላ ብቻ

ዲኤንኤው ተበጣጥሷል። ከአዲስ ኮሎኒ (አብሮ ያደገ የባክቴሪያ ክምር) ጀምሩ። ያው ከደገመ ጄሉ በሚነከርበት ፈሳሽ ላይ ታዮዩሪያ የተባለ ኬሚካል ትንሽ ጨምሩ፤ አንዳንድ ዓይነቶች ያለሱ አይነበቡም።

ችግር፦ ፒሲአሩ (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚፈልገው ፈጣን ምርመራ) ፖዘቲቭ ነው፣ የሚነጻጸር ባክቴሪያ ግን የለም

ፈጣኑ ምርመራ ሕያው ባክቴሪያ አያስቀርም። ፖዘቲቭ የወጣውን ናሙና ሳይጣል በዚያው ቀን ካልቸር (የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ አሳድጉት።