የሐሩር ክልል አገሮችን የአየር ጠባይ እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

ሁለት የሐሩር ክልል ቦታዎችን የሚያነጻጽር ሰው በመጀመሪያ ኬክሮሳቸውን ይመዝግብ፤ ነገር ግን በዚያ ብቻ አይርካ። ሲንጋፖርና የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ሁለቱም ከምድር ወገብ አጠገብ ቢገኙም፣ በባሕር ጠረፍ ያለችው ሲንጋፖር አማካይ ሙቀቷ ወደ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ፣ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ኪቶ ግን 14 ዲግሪ ገደማ ነው። ደጋና ቆላን መለየት ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንም። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል የሚለው የታወቀ ስሌት ኪቶን ከ10 ዲግሪ በታች ያደርጋታል፤ ከፍተኛ ምድር ራሱ በፀሐይ ስለሚሞቅ፣ ከቀመሩ ይልቅ በጣቢያ የተለካውን መረጃ ማስቀደም ይገባል።

ቀጥሎ የባሕር ጅረት፣ ማለትም በውቅያኖስ ውስጥ እንደ ወንዝ የሚፈስ ውሃ፣ ይታይ። የፔሩዋ ሊማና የብራዚሏ ሳልቫዶር በ12ና በ13 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ አካባቢ ቢገኙም፣ ቀዝቃዛው የሁምቦልት ጅረት የሚያልፍባት ሊማ ጉም እንጂ ዝናብ እምብዛም አታይም፤ ሞቃት ውቅያኖስ የሚያዋስናት ሳልቫዶር ግን በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች።

ዝናብ ሲነጻጸር የዓመቱ ድምር ብቻውን ስለሚያሳስት፣ የ12ቱ ወራት መጠን ጎን ለጎን ይቀመጥ።