ዴይዚን ከነጥንቱ አጠራሩ፣ ዳይሲ የምትሉ ወዲህ በሉ

ዴይዚ (daisy) የሚባለውን የእንግሊዝኛ የአበባ ስም ለዓመታት "ዳይሲ" እያልኩ ነበር የማነበው፣ ጽሑፍ ላይ እንጂ ማንም ሲጠራው ሰምቼ አላውቅማ፣ አንድ ቀን ሰው ፊት ጮክ ብዬ ሳነብ ነው የተሳቀብኝ።

የዛሬው አጠራር ቀላል ነው፣ ሁለት ክፍለ ቃል፣ ዴይ-ዚ። ዴይ ላይ ጫን፣ ዚ ላይ ለቀቅ። ሲጻፍ በኤስ ነው ግን ዝ ብላችሁ አንብቡት፣ ሁለት አናባቢ መሃል ስለገባ ነው፣ ልክ ቀላል ለማለት "ኢዚ" (easy) እንደሚሉት። በቃ ይሄው ነው።

ደስ የሚለው ግን ጥንቱ ነው። ከ1000 ዓመት በፊት የነበረው እንግሊዝኛ ላይ ስሙ ሁለት ቃል ነበር፣ "ዳየስ ኤኣገ"፣ የቀን ዐይን ማለት ነው። አበባውን ጠዋት ብታዩት ነጩን ዘርግቶ መሃሉ ያለው ቢጫ ፍጥጥ ብሎ ይታያል፣ ሲመሽ ደሞ ነጩን ሰብስቦ ይከድነዋል፣ የዐይን ቆብ በሉት።

እሺ አሁን አብራችሁኝ በሉ፣ አራት ክፍለ ቃል ነው፣ ዳ-የስ-ኤኣ-ገ። "ዳ" ስትሉ አፋችሁን ለዳ ክፈቱ ምላሳችሁን ግን ዴ ልትሉ እንደሆነ ወደፊት ግፉት፣ ድምፁ ከሁለቱ መሃል ይወጣል፣ ዛሬም ድመትን "ካት" ሲሉ የምትሰሙት እሱ ነው። ቀጥሎ "የስ"፣ እዚህ ጋ የሚጻፈው ጂ ስለሆነ ብዙ ሰው ግ ይለዋል፣ እንዳትሳሳቱ፣ "የቤት" ስንል የምናወጣት የኛዋ የ ናት። (ጀርመኖች ግን ግ-ን አልለቀቁም፣ ቀናትን ታገ ዐይንን አውገ ነው የሚሉት።) "ኤኣ"ን ሳትቆርጡ ከኤ ወደ ኣ አንሸራቱት፣ የመጨረሻዋ ግን የ አይደለችም፣ ጉሮሮ ጋ የምትለሰልስ ገ ናት፣ ቀለል አድርጓት።

መሃል ያለችውን ስ ልብ በሉልኝ። እኛ "የቀን" ስንል የ-ን ከፊት እንለጥፋለን፣ እንግሊዞች ያንኑ ሥራ ከኋላ በ"እስ" ነበር የሚሠሩት፣ ዛሬም የባለቤትነቷ ኤስ እሷው ናት። ስለዚህ ዴይዚ ውስጥ ያለችው ዝ "የ" ማለት ነበረች ማለት ነው! ዴይ ቀን፣ ዝ የ፣ ኢ ደሞ ከዐይን የተረፈችው። ዐይን ብቻውን ሲቆም "አይ" ሆነ፣ እዚህ ግን ጫን የማይባልበት ጫፍ ላይ ስለወደቀ ኢ ብቻ ሆኖ ቀረ። ካላመናችሁኝ ዳየስኤኣገን እያፈጠናችሁ ደጋግሙት፣ ራሱ እየተጨማደደ ዴይዚ ጋ ይወስዳችኋል። ቾሰር የሚባለው ገጣሚያቸው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲጽፍ ገና ዐይንነቱ አልጠፋም ነበር፣ እሱም የቀን ዐይን እያለ ፈቶታል።

የሴት ስም ሆኖ ስታገኙት ደሞ ግራ እንዳይገባችሁ፣ ማርጋሬት የምትባለዋን ዴይዚ እያሉ ያቆላምጧታል። በድምፅ ምንም አይገናኙም፣ ግን ፈረንሳዮች ይሄን ዓይነት አበባ ማርጌሪት ነው የሚሉት፣ እሱ ደሞ ከግሪኩ ሉል ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የኛ አደይ አበባም ከዴይዚ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ መስከረም ላይ አንዱን ቀጥፋችሁ መሃሉን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት አንድ አበባ የመሰላችሁ ነገር የብዙ ደቃቃ አበቦች ጥርቅም ነው፣ ዴይዚም እንደዛው።